ስሙ መጨረሻ የሚመጣበት ቋንቋ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ስድስት ልጆች ይሰበሰባሉ። የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ትንሿ ዘጠነኛ ክፍል፣ ትልቁ ዐሥራ ሁለተኛ። እንግሊዝኛ አስጠናቸዋለሁ። የአዳማ ነፋስ ወረቀት ስለማያስቀምጥ እያንዳንዱ ሲገባ ከአጥሩ ሥር አንድ ጠጠር አንሥቶ ይመጣና ደብተሩ ላይ ይጭናል። ከከተማው ዳር ኮረብታዎቹ ላይ የቆሙትን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይኖች የሚያሽከረክር ነፋስ ለደብተር አይራራም።

በጥር አጋማሽ አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ታርሞ የተመለሰላትን የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ትእዛዙ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በ«ሁ»፣ በ«ዊች»፣ በ«ዛት» ወይም በ«ሁዝ» አያይዙ። አንዱ ዓረፍተ ነገር «ሴትየዋ ጎረቤቴ ናት» ይላል፤ ሌላው «ሴትየዋን ረዳኋት»። ልጅቷ አያይዛ የጻፈችው «ዘ ውማን ሁ አይ ሄልፕድ ኸር ኢዝ ማይ ኔበር» የሚል ነበር። የእንግሊዝኛውን ቃል በራሳችን ፊደል መጻፌ እንዳይገርማችሁ፤ ልጆቹም በደብተራቸው ዳር ንባቡን እንዲሁ ነው የሚጽፉት። «ኸር» የምትለው ቃል በቀይ ተሰርዛለች። ከጎኗ የኤክስ ምልክት አለ። ሌላ ማብራሪያ የለም።

«ቲቸር» አለችኝ፣ «የረዳሁት እርሷን አይደለም እንዴ? ታዲያ ‹ኸር› ለምን ይሰረዛል?»

በእርሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ይኸው ቀይ መስመር ደርሶብኝ ነበር። ስለ እርሱ ልጠይቅ አልደፈርኩም። ስለዚህ ያን ዕለት የያዝነውን ትምህርት ትተን በዚያች አንዲት ቃል ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን።

መጀመሪያ ያደረግሁት እንግሊዝኛውን መዝጋት ነው። «በአማርኛ በይው» አልኳት። «የረዳኋት ሴት ጎረቤቴ ናት» አለች። ዓረፍተ ነገሩ ተያያዘ ማለት ነው። ማንም ሕግ አልነገራት፣ ባዶ ቦታ አልሞላች፣ ከአራት አማራጭ አልመረጠች። ስድስቱም ልጆች ገና አፋቸውን ሲፈቱ ጀምሮ በቀን መቶ ጊዜ የሚያደርጉት ነገር ነው። «የገዛሽው ዳቦ የታለ?» የምትል የአራት ዓመት ሕፃን ሁለት ዓረፍተ ነገር አያይዛለች። ትምህርት ቤት «አድጀክቲቭ ክሎዝ»፣ ስምን የሚገልጽ ሐረግ፣ ሲባል ግን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ፍጥረት ይመስላቸዋል።

ከዚያ «የረዳኋት» የምትለውን ቃል በጥቁር ሰሌዳዬ ላይ ጽፌ እንደ በቆሎ ፈለፈልናት። ፊት ያለችው «የ» አያያዥ ናት። «ረዳ» ሥራው ነው። «ሁ» እኔ ነኝ፤ እዚህ «ኋ» ሆና ተለውጣለች። መጨረሻ ላይ ከእርሷ ጋር የተዋሐደችው «አት» ደግሞ ሴትየዋ ናት። የረዳሁት ወንድ ቢሆን «የረዳሁት»፣ ብዙ ቢሆኑ «የረዳኋቸው» እንል ነበር። አያያዡም፣ ሥራውም፣ ሠሪውም፣ ተረጂዋም በአንዲት ቃል ውስጥ ተቃቅፈው ይኖራሉ። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ «ሁ አይ ሄልፕድ» ብሎ ሦስት ቃል ያወጣል።

እንግዲህ የልጅቷ «ኸር» ከየት እንደመጣች ታየ። ከዚያች ከ«አት» ነው የመጣችው። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ በእናቷ ቋንቋ ውስጥ ያለችውን «እርሷን» በታማኝነት ይዛ ተሻገረች። በአማርኛ «የ» ማያያዣ እንጂ ሰው አይደለችም፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ሰው ይሁን ዕቃ፣ «የ» ያው «የ» ናት። ስለዚህ ተረጂዋን ግሱ ራሱ መሸከም አለበት። የእንግሊዝኛው «ሁ» ግን ተውላጠ ስም ነው፤ የ«ኸር»ን ወንበር ወስዶ ወደ ፊት መጥቶ የተቀመጠ ሰው ነው። «ሁ» ካለ እርሷ አለች። «ኸር» ብለን ስንደግም አንዲትን ሴት ሁለት ወንበር ላይ እናስቀምጣለን። መድረሳ ዐረብኛ የተማረው ልጅ ይህን ሲሰማ ፈጠን ብሎ እጁን አወጣ፤ በዐረብኛም ተውላጠ ስሟ ከግሱ ጋር ትቀራለች አለ፤ እውነቱን ነው። እንግሊዝኛ ነው ከእኛ የተለየው።

ያ ቀይ መስመር ይህን ሁሉ ሊናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። መምህራኑን አልወቅስም፤ በአንድ ክፍል ስድሳ ልጅ ይዞ ለእያንዳንዱ ደብተር ማብራሪያ መጻፍ አይቻልም። ነገር ግን አንድ ልጅ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ካላወቀ «እኔ እንግሊዝኛ አይገባኝም» ብሎ ይደመድማል። የገባውን ያህል እኮ ነው የተሳሳተው።

ሌላም ስሕተት ከዚሁ ጓዳ ይወጣል። «የምኖርበት ቤት» ለማለት ልጆቹ «ዘ ሃውስ ዊች አይ ሊቭ» ብለው ያቆማሉ። «ኢን» ትቀራለች። «በት» ግሱ ውስጥ ተለጥፋ ስለምትኖር እንደ መስተዋድድ አትታያቸውም። «የምኖርበት» ብላችሁ «በት»ን ብትቆርጧት «የምኖር ቤት» ይሆናል፤ ጆሮ ይጎረብጣል። እንግሊዝኛም ያለ «ኢን» እንዲሁ ነው የሚጎረብጠው። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ልጅ «ዘ ሃውስ ዊች አይ ሊቭ ኢን» ማለትን ወይም በ«ዌር» ተክቶ «ኢን»ን መተውን አይረሳም። «ልጇ የታመመባት ሴት» ሲሆን ደግሞ ይባስ ይወሳሰባል፤ «ልጇ» ላይ አንድ «እርሷ» አለች፣ «የታመመባት» ላይ ሌላ «እርሷ» አለች። ልጆቹ «ዘ ውማን ሁ ኸር ቻይልድ» ብለው ይጽፋሉ። «ሁዝ» የምትባለው ቃል የተሠራችው ለዚሁ ነው፤ «ሁ»ንና «ኸር»ን አዋሕዳ አንድ የምታደርግ። ሰውም ዕቃም አትለይም፤ ጣሪያው ለተገነጠለ ቤትም «ሁዝ» ይባላል።

የቃሉ ጉዳይ ይህ ነው። ከቃሉ ይልቅ እኔን ሲያስጨንቀኝ የኖረው ቅደም ተከተሉ ነው።

አጥር የምንጋራቸው እትዬ አሉ። ወንጂ ነው ያደጉት፤ አባታቸው የሆላንዱ ኩባንያ ባቋቋመው ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው እዚያው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። እትዬ ወሬ ሲጀምሩ እንዲህ ነው፦ «ያ ባለፈው ፍራንኮ ጋ ባጃጅ ስንጠብቅ ያገኘነው፣ ነጭ ጋቢ የለበሰው፣ ልጁን ባለፈው ጥር የዳረው፣ ያ እንኳን አንተ ሻይ የጋበዝከው…» እስከዚህ ድረስ ስለ ማን እንደሚያወሩ አልታወቀም። ጋቢውን አይተናል፣ ሠርጉን አይተናል፣ ሻዩን ጠጥተናል፤ ባለቤቱ ግን ገና አልመጣም። በመጨረሻ «ሰውዬ» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። «ሞተ እኮ» ይከተላል።

አማርኛ ስሙን መጨረሻ ያመጣል። ገላጩ ሁሉ አስቀድሞ ይሰለፋል፤ አድማጭ ይጠብቃል፤ እንደ ሙሽራ፣ አጃቢው ሁሉ ካለፈ በኋላ ስሙ ይገባል። እንግሊዝኛ ሙሽራውን ከፊት ያስገባና አጃቢውን ያስከትላል። «ዘ ማን» ይላል መጀመሪያ። ከዚያ ነው ጋቢው፣ ሠርጉና ሻዩ የሚመጡት። ለአንድ የአማርኛ ተናጋሪ ይህ ቃላትን መለወጥ ብቻ አይደለም፤ ማንን እንደሚያወራ ሳይናገር መቆየት የለመደ ሰው መጀመሪያ ስሙን ጠርቶ ከዚያ እንዲያብራራ ይገደዳል። ልጆቹ ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ እስክሪብቷቸው አየር ላይ ቆሞ የሚቀረው ቃል አጥተው አይመስለኝም። ከየት እንደሚጀመር ነው የጠፋቸው።

ከስድስቱ አንዱ ግን አይቆምም። ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚነገር ልጅ ነው። «ሁ»ንና «ዊች»ን እያምታታም ቢሆን ቅደም ተከተል ላይ ስቶ አያውቅም። ለረጅም ጊዜ ጎበዝ ስለሆነ ነው ብዬ አስብ ነበር። ያን ቅዳሜ ጠመኔውን ሰጥቼው «ትናንት የመጣው ሰው» የሚለውን በኦሮምኛ ጻፍልን አልኩት። «ነምኒ ከሌሰ ዹፌ» ብሎ ጻፈ። ነምኒ ሰው ነው፣ ከሌሰ ትናንት፣ ዹፌ መጣ። ስሙ ከፊት! ከዚያ «ያየሁት ሰውዬ» አልኩት። «ነሚቸ አኒ አርጌ» አለ፤ ሰውዬው፣ እኔ፣ አየሁ። ከሥሩ እንግሊዝኛውን ጻፍኩት፦ «ዘ ማን አይ ሶው»። ቃል በቃል ተገጣጠሙ። እንግሊዝኛ ገላጩ ስለ ተሳቢው ሲሆን «ሁም»ን ወይም «ዛት»ን መጣል ይፈቅዳል፤ ኦሮምኛም አያያዥ ሳያስፈልገው፣ ግሱ ላይም «እርሱን» ሳይለጥፍ ይሄዳል። የልጅቷ «ኸር» ለዚህ ልጅ ፈተና የማትሆንበት ምክንያት ይኸው ነው።

ልጁ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየው። ቋንቋው ለእንግሊዝኛ ትምህርት ይጠቅማል ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። አዳማ ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዴስክ ላይ ተጋፍተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ደብተር ይገለብጣል። መምህሩ አንዴ እንኳ ሁለቱንም በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ቢጽፍ ግማሹ ሥራ ያልቅ ነበር። እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ አድርጌው ስለማላውቅ ተቆጭቻለሁ።

የግዕዙ ነገር ትዝ ያለኝ ማታ ነው፤ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ። ልጅ ሳለሁ የኔታ ዘንድ በቃሌ የያዝኩት ጸሎት «አቡነ ዘበሰማያት» ብሎ ይጀምራል። አቡነ፣ አባታችን፤ ዘበሰማያት፣ በሰማያት ያለኸው። ስሙ ከፊት፣ ገላጩ ከኋላ። የግዕዝ «ዘ» የእኛን የ«የ»ን ሥራ ይሠራል፤ የሚቆመው ግን ከስሙ በኋላ ነው። «ብእሲ ዘመጽአ» ይላል፤ እኛ «የመጣው ሰው» የምንለውን። ወደ አማርኛ ስንመልሰውም ጸሎቱ ላይ የጥንቱን መንገድ አልለቀቅንም፤ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» እንላለን። ገበያ ውስጥ እንዲህ የሚናገር ሰው የለም። እንግሊዞቹም ይህንኑ ጸሎት «አወር ፋዘር፣ ሁ አርት ኢን ሄቨን» ብለው ይጀምሩታል። ለካስ ያን ቅደም ተከተል ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ በአፌ ይዤው ኖሬያለሁ። ዘጠነኛ ክፍል እንደ አዲስ ነገር የተሰጠኝ፣ የተቀጣሁበትም፣ እርሱ ነበር።

ስለ ቅጣቱ ልናገር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን መምህራችን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰጡን። ትርጉማቸው «መምህሩ ከወንጂ ይመጣል» እና «መምህሩ ትናንት ታመመ» የሚል ነው። እኔ «ትናንት የታመመው መምህር ከወንጂ ይመጣል» ብዬ አያያዝኩ። ትክክል አይደለም ተባልኩ፤ መልሱ «ከወንጂ የሚመጣው መምህር ትናንት ታመመ» ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው ወደ ሐረግ የሚለወጠው ተባለ። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ሰዋስዉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ነጥቡ ከቀረብኝ ብዙ ዓመት ሆነው፤ የሚቆጨኝ ነጥቡ አይደለም። ያን ዕለት ልንማረው የሚገባ ትልቁ ነገር አጠገባችን አልፎ ሄደ።

ምክንያቱም ሁለቱ መልሶች አንድ አይደሉም። ማያያዝ ማለት የትኛው ወሬ እንደሆነና የትኛው መታወቂያ እንደሆነ መወሰን ነው። ከወንጂ የሚመጣ መምህር እንዳለ ሁላችንም ካወቅን፣ የዛሬው አዲስ ነገር መታመሙ ነው፤ ወሬው ዋናውን ግስ ይይዛል፣ ወንጂ በገላጭነት ይገባል። ሁላችንም መምህር መታመሙን ሰምተን የትኛው እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ ካላወቅን ደግሞ እኔ ያልኩት ይሻላል። ሐረጉ ውስጥ የምናስገባው ሰሚው እንደሚያውቀው የቆጠርነውን ነው። ዋናው ግስ ላይ የምናስቀምጠው ልንነግረው የመጣነውን ነው። አሁን ለልጆቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር ስሰጥ አስቀድሜ «ማን ነው የሚሰማችሁ? ምን ያውቃል?» እላለሁ። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ያያይዛል፤ ሁለቱም ምክንያታቸውን ይናገራሉ።

ይህን የምለው ፈተናን ንቄ አይደለም። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ባዶ ቦታ ይሰጥና ከ«ሁ»፣ «ሁም»፣ «ሁዝ»፣ «ዊች» አንዱን ምረጡ ይላል። «ሰው ከሆነ ሁ፣ ዕቃ ከሆነ ዊች» የምትለው አጭር ቀመር እዚያ ነጥብ ታስገኛለች፤ እኔም አስተምራታለሁ። ቀመሯ ግን ዓረፍተ ነገር አትጽፍም። ባዶ ቦታ የሚሞላው ሌላ ሰው ወሬውን ከመረጠለት በኋላ ነው። ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ሲጽፉ ወሬውን የሚመርጥላቸው የለም። ማያያዝን አንዴ የቀመሱ ልጆች ደግሞ ሁሉንም ማያያዝ ይወዳሉ፤ ዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር አራት «ዊች» አስገብታ አምጥታልኝ ታውቃለች። ሁለቱን በአራት ነጥብ ለየናቸው። አጥሮ ሲቆም የሚያምር ዓረፍተ ነገር አለ።

ነጠላ ሰረዙን፣ ኮማውን፣ ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም በላይ ስለምወደው ነው።

እንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት ገላጭ አለው። አንዱ ይለያል፤ ከብዙዎች መካከል የትኛው እንደሆነ ይነግራል፤ ኮማ አይወድም። ሌላው የታወቀውን ነገር ያጫውታል እንጂ አይለይም፤ በኮማ ታጥሮ ይቀመጣል። ለልጆቹ የምሰጠው ምሳሌ ከተማችንን ነው። «አዳማ፣ ዊች ዋዝ ኮልድ ናዝሬት ፎር መኒ ዪርስ፣ ኢዝ ኤ ዊንዲ ሲቲ»። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት ብለው የሰየሟት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ጥንት ስሟ የተመለሰችው አዳማ አንድ ናት፤ ከሌላ አዳማ የምንለያት ስለሌለ ኮማው ይገባል። ከኮማ በኋላ «ዛት» አይገባም፣ አያያዡንም መጣል አይቻልም። ኮማውን ብናወጣ ግን እንግሊዝኛ አንባቢ «ናዝሬት ያልተባለች ሌላ አዳማም አለች ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

አማርኛ ይህን በምልክት አይለይም። «አዋሳ የሚኖረው ወንድሜ» ስል ሌላ ወንድም ይኑረኝ አይኑረኝ ከቃሉ አይታወቅም። የሚያውቀኝ ያውቃል፤ የማያውቀኝ ይጠይቃል። ይህ ጉድለት አይመስለኝም፤ ቋንቋችን ሰሚው ጎረቤት ነው ብሎ ያምናል። እንግሊዝኛ ሲሆን ግን ኮማዋን ለማስቀመጥ መወሰን ግድ ነው። ለመወሰን ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከፋሲካ በኋላ እትዬ ወረቀትና ስልካቸውን ይዘው መጡ። ቶሮንቶ የሚኖረው ልጃቸው ሊጋብዛቸው ነው፤ ለቪዛ የሚቀርብ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ መጻፍ አለበት። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እርሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

«ቶሮንቶ የሚኖረው ልጄ ጋብዞኛል በል» አሉኝ።

«ማይ ሰን» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ይህን ሰፈር ስገባ እትዬ ብቻቸውን ነበሩ። ስለ አንድ ልጅ ብቻ ሲያወሩ ነው የሰማሁት፤ እርሱም የቶሮንቶው ነው። አንድ ከሆነ ኮማ ይገባል። ሆኖም ያለ ጥያቄ መጻፍ አልወደድኩም።

«እትዬ፣ ሌላ ልጅ አለዎት?»

«ለምን ጠየቅኸኝ?»

ነገርኳቸው። ሌላ ልጅ ከሌለ ይህችን ምልክት እዚህ እዚህ አደርጋለሁ፤ ካለ አላደርግም፤ ምልክቷ ከሌለች አንባቢው ይህ ከልጆቻቸው አንዱ እንደሆነ ይረዳል አልኳቸው። እስክሪብቶዬን አየት አደረጉ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«ሁለት ናቸው» አሉ። «ትልቁ አፈር ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ።»

ምን እንደምል አላወቅኩም። እግዚአብሔር ያጽናዎት ለማለት ዘጠኝ ዓመት ዘግይቻለሁ። ደብዳቤው ለቪዛ ነው፤ ትልቁ ልጅ እንደነበረ ለመግለጽ የተለየ መስመር አያስፈልገውም፤ ኮማ ብትገባም ባትገባም ወረቀቱን የሚያየው ሰው ልብ የሚላት አይመስለኝም። ይህንንም ነገርኳቸው።

«እኔ ልብ እላታለሁ» አሉኝ። «አታድርጋት።»

አላደረግኳትም። «ማይ ሰን ሁ ሊቭስ ኢን ቶሮንቶ ሃዝ ኢንቫይትድ ሚ» ብዬ ሳላቋርጥ ጻፍኩት። ከዚያ በአማርኛ መልሼ አነበብኩላቸው፤ በአማርኛ ሲሆን ያው «ቶሮንቶ የሚኖረው ልጄ» ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ወረቀቱን ተቀብለው ምልክቷ የቀረችበትን ቦታ በጣትህ አሳየኝ አሉኝ። አሳየኋቸው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችውን ክፍት ቦታ ትንሽ ዳሰሷት።

ቡና አፍልቼ ስመለስ ስለ ትልቁ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አውርተውልኝ አያውቁም። «ያ ወንጂ የተወለደው» አሉ፣ «ያ ሸንኮራ ሲልጥ እጁን የቆረጠው፣ አዋሽ ወርዶ ሲዋኝ አባቱ የገረፈው፣ ያ ለታናሹ ጫማ ለመግዛት አንድ ክረምት ሙሉ ጋሪ የነዳው፣ ያ…»

ነፋሱ በሩን ገፋው። እትዬ ሲኒውን አስቀመጡ። ስሙን ጠበቅኩ።